ከየካቲት እስከ ሐምሌ፦ «የሕዝብ» የሚለው ቃል የት ገባ?

ይህን ጽሑፍ ያጻፉኝ ሁለት የአዋጅ ርእሶች ናቸው። አንደኛው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ነው፤ የገጠርን መሬት «የሕዝብ ሀብት» ያደርጋል። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው ቁጥር 47 ነው፤ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን «የመንግሥት» ያደርጋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካየሁ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በየካቲት ባለቤት ተብሎ የተጠራው ሕዝብ ነበር። በሐምሌ ስሙ የለም። በመካከላቸው አምስት ወር እንኳ አይሞላም።

የዘመኑን ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው አልመለስበትም። እኔን የያዘኝ የቃሉ ጉዳይ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሲወሰድ የተባለውና ያልተባለው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ተብላ የተጻፈችው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በገጠር መሬቷንና ግብሯን፣ በከተማ የምታከራያቸውን ቤቶች ያጣችው በእነዚህ ሁለት አዋጆች ነው። በሁለቱም ርእሶች ላይ ግን ስሟ አልተጠራም። ስሙ ሳይጠራ የተወሰደበት ሰው ደግሞ አቤት ሲል መጀመሪያ ማስረዳት ያለበት እኔ ነኝ የተወሰደብኝ የሚለውን ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ከቃሉ ሥር ልነሣ።

## ርስትም ውርስም

ሕዝቡ በአፉ የያዘው «ተወረሰ» የሚለውን ነው። «ውርስ ቤት»፣ «ቤታቸው ተወርሶባቸው»፣ «በደርግ ጊዜ የተወረሰ» እያልን እስከ ዛሬ እንናገራለን። የአዋጆቹ ርእሶች ይህን ግሥ አልፈለጉትም። «ማድረግ» ይላሉ፤ የሕዝብ ሀብት ለማድረግ፣ የመንግሥት ለማድረግ። ከማን ወስዶ የሚለው ጥያቄ እዚህ ግሥ ውስጥ መግቢያ የለውም። መሬቱ እስከ ትናንት ባለቤት ያልነበረው፣ ዛሬ ገና ባለቤት ያገኘ ይመስላል።

«ወረሰ» ያኔ አዲስ ቃል አልነበረም። ንጉሡን የከዳ ሰው ሀብት ይወረስ ነበር፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ንብረት መውረስ ከቅጣቶች አንዱ ሆኖ ተጽፏል። ስለዚህ «ተወረሰ» ሲባል ሰሚው ሁለት ነገር አብሮ ይሰማል፤ ንብረቱ መሄዱን፣ ባለንብረቱም እንደ ጥፋተኛ መቆጠሩን። ጸሐፊዎቹ ቃሉን የሸሹት ለዚህ ይመስለኛል። ቅጣት ከሆነ ጥፋቱ ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ለጥፋቱም ዳኛ ያስፈልጋል። «ማድረግ» ዳኛ አይፈልግም።

ግን ከዚህ በፊት የሚመጣ ትርጉም አለ። መውረስ ማለት በመጀመሪያ የሟች ሀብት ወደ ልጁ መተላለፉ ነው። ርስት የሚለው ቃል ራሱ የተገኘው ከዚሁ ወረሰ ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ርስት ከአባት የተወረሰው ነው። እንግዲህ ርስትን ያስቀረው ውርስ ሆነ ማለት ነው፤ ሁለቱም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ወራሽ የሚኖረው ደግሞ ሟች ሲኖር ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሞተችም፤ አዋጁ በወጣ ማግሥትም ኪዳን ደርሷል፣ ቅዳሴ ተቀድሷል።

በዚህ ነገር ላይ ከናቡቴ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲፈልግ በሌላ የተሻለ ወይን ልለውጥህ ወይም ዋጋውን በገንዘብ ልስጥህ አለው። በዛሬ አነጋገር ምትክ ቦታ ወይም ካሣ ነው። ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። ያን ጊዜ የንጉሡ ሚስት ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙ አተመች፣ ጾም አሳወጀች፣ ሁለት ምስክር አቆመች። ክሱ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል የሚል ነበር። በደብዳቤው ውስጥ ስለ ወይን ቦታው አንድ ቃል እንኳ የለም። ነቢዩ ኤልያስ ሲመጣ ግን ስለ ስድብም ስለ ጾምም አላነሣም፤ መግደልንና መውረስን፣ ሁለቱን ግሦች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ንጉሡን ጠየቀው።

## ገንዘብ ባለበት ተቀባይ ያስፈልጋል

ወደ ሁለቱ ርእሶች ልመለስ። የየካቲቱ አዋጅ «ሕዝብ» ሲል ሰውየው ማን እንደሆነ መጠቆም ይችል ነበር። ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራት በ800 ሄክታር ግድም እንዲቋቋሙ አዘዘ። ለመሬቱ ካሣ የለም፤ ካሣ የሚገባው ለሚንቀሳቀስ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተሠራ ቋሚ ሥራ ነው አለ። ቄሱም ቢሆን ካረሰ ከማኅበሩ ድርሻ ማግኘት ይችላል። መልካምም ይሁን ክፉ፣ «ሕዝብ» እዚህ ጋ ማረሻ የያዘ እጅ ነበረው።

በከተማ ይህ አልሆነም። ቤቱ ውስጥ ተከራይ አለ፤ ተከራዩ በየወሩ ኪራይ ይከፍላል። መሬት ለአራሹ እንደሚባለው ቤት ለተከራዩ አልተባለም። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገባ። ገንዘብ በየወሩ የሚመጣ ከሆነ ደረሰኝ የሚቆርጥ ያስፈልጋል፤ «ሕዝብ» ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጥም። በሐምሌ «የመንግሥት» የሚለው ቃል በግልጽ የወጣው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እውነቱን ለመናገር የሐምሌውን ርእስ እመርጣለሁ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብንልም ንጉሥ ቢያንስ አድራሻ አለው፤ ደጅ ይጠናል፣ አቤቱታ ይጻፍለታል። ሕዝብን ማን ይከሰዋል? ንብረቴ በሕዝብ እጅ ነው የሚል ሰው ደብዳቤውን ለማን ይላክ? «የሕዝብ» የሚለው ቃል ጠያቂውን ራሱን ከወሳጆቹ መካከል ይቆጥረዋል፤ እሱም ሕዝብ ነውና ከራሱ ወስዶ ለራሱ የሰጠ ይሆናል።

ይህ የኛ ብቻ ፈጠራ አይደለም። በፈረንሳይ አብዮት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1789 የቤተ ክርስቲያን ሀብት ለመንግሥት ዕዳ እንዲውል ለጉባኤው ሐሳብ ያቀረበው ራሱ ጳጳስ የነበረው ታሌይራን ነው። ክርክሩ የጠናው ባለቤቱ ማነው በሚለው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 በ568 ድምፅ ለ346 ያለፈው ውሳኔ ግን ባለቤትነትን አልጠራም፤ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሁሉ አገሪቱ እንዳሻት ታዝዝበት ዘንድ ይሁን አለ። ይህን ለዘብ ያለ አነጋገር ያቀረበው የጉባኤው አባል ሚራቦ ነው። ባለቤትነት ነው ቢባል የሚቃወሙ፣ ማዘዝ ብቻ ነው ሲባል እጃቸውን አነሡ። አብሮትም ለደብር ካህን በዓመት ከ1,200 ሊቭር (የዘመኑ የፈረንሳይ ገንዘብ) የማያንስ ክፍያ ቃል ተገባ። ብዙም ሳይቆይ ያው ንብረት «ብሔራዊ ሀብት» ተብሎ ለጨረታ ቀረበ። ማዘዝ የተባለው መሸጥ ሆነ።

## ትርፍ

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ቃል «ትርፍ» ነው። በአማርኛ ትርፍ የሚባለው ቢቀርም የማይጎዳ ነገር ነው። ትርፍ አንጀት ቢቆረጥ ሰው አይሞትም። ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው ያለፈው ነው። ታክሲ ትርፍ ጫነ ሲባል የተጫነው ሰው መውረድ አለበት ማለት ነው። «ትርፍ ቤት» ሲባል ታዲያ ክርክሩ ቃሉ ላይ አለቀ፤ ትርፍ ከሆነ ይውሰዱት የሚለው ፍርድ ቃሉ ውስጥ አስቀድሞ አለ።

መለኪያው የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነበር፤ መኖሪያ አንድ ቤት፣ ቦታው እስከ 500 ካሬ ሜትር። ሰው በሁለት ቤት አንድ ሌሊት ስለማያድር ለቤተሰብ መለኪያው ያስኬዳል። ደብር ግን እንቅልፍ የለውም። ቤቱን የሚሠራው ሊያድርበት ሳይሆን ኪራዩ አገልግሎቱን እንዲያቆም ነው። በአንድ ቅዳሴ በትንሹ አምስት ልዑካን ይቆማሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ሰሞነኛው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር አንድ ደብር ከአምስት ብዙ የሚበልጡ አገልጋዮችን መያዝ አለበት። ለመገበሪያ ስንዴ፣ ለወይኑ ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍ፣ ለመብራቱ ዘይት ያስፈልጋል። ማኅሌት ካለ መሪጌታና ደብተራ፣ የቅኔና የዜማ ጉባኤ ካለ ደግሞ መምህርና ተማሪ አሉ። የኪራዩ ብር በወሩ መጨረሻ ወደነዚህ ሲከፋፈል ለትርፍ የሚባል አይቀርም ነበር። በሒሳብ አያያዝ ቋንቋ ወጪ የሚሸፍን መደበኛ ገቢ ነው፤ በአዋጁ ቋንቋ ግን ትርፍ ተባለ።

«የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ያመኛል። ኪራይ በመቀነሱ የተጠቀመው ተከራይ ብዙውን ጊዜ የዚያው ደብር ልጅ ነበር። እሑድ ያስቀድሳል፤ ቤቱን ደግሞ «የቀበሌ ቤት» ይለዋል። በእሱ ላይ አልፈርድም፤ ቤት ያስፈልገው ነበር። ቃሉ ግን እሱንም አስረሳው። ከአንድ ትውልድ በኋላ «ይህ ቤት የማን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ «የቀበሌ» ብሎ የሚመልሰው እየዋሸ አይደለም፤ ሌላ ስም ሰምቶ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያንን ያቆማት አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር ነበር። ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ከአዋጆቹ ሁለት ዓመት ቀድሞ። ምእመኑ በአባልነት መዋጮ ደብሩን የሚደግፍበት መንገድ በወረቀት ላይ ስለነበረ፣ ኪራይና ግብር ሲቀሩ የሚያዝ ገመድ ተገኘ። ደንቡ በዘመናቸው የወጣላቸው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ግን በየካቲት 1968 «ከሥልጣን ወረዱ» ተባለ፤ በሐምሌ 1971 ተገደሉ። «ወረዱ» የሚለውም ያው ዓይነት ግሥ ነው፤ ያወረዳቸው አይታይም።

ስም የመቀየሩ ነገር በሌሎች ላይም ደርሷል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ከአዲስ አበባ ያሰራጨው የነበረው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በመጋቢት 1969 በመንግሥት እጅ ሲገባ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ። ማሠራጫው ያው፣ ስቱዲዮው ያው። ስሙ ሲለወጥ አዲስ ጣቢያ የተመሠረተ ይመስላል፤ የተወሰደ ጣቢያ መኖሩ ይረሳል።

## ቤተ ክርስቲያንም የራሷ ቃል ነበራት

እዚህ ላይ ሚዛኑን ካልጠበቅሁ ጽሑፌ ራሱ ማለዘቢያ ይሆናል። ከ1967 በፊትም መሬትን የሚሸፍኑ ቃላት ነበሩ። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» ሲባል እንደ ቆንጆ ክፍፍል ይሰማል። ይህ አባባል እንጂ የመሬት ልኬት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የአገሩን መሬት ሲሶ ትይዝ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መከራከሪያ ማድረግ አይገባም። አባባሉ የሚሸሽገው ሌላ ነገር ነው፤ ሦስቱንም ሲሶ የሚያርሰው አንዱ ሰው መሆኑን።

ጉልት የመሬቱ ባለቤትነት ሳይሆን ግብር የመቀበል መብት ነው። ሪም በአገልጋዩ እጅ ያለ፣ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ መሬት ነው። ሰሞን መሬት ገቢው ለአገልግሎት የሚውል ነው። ሦስቱን «የቤተ ክርስቲያን መሬት» ብሎ በአንድ ስም መጥራት የሚያሳስተው ሁለቱንም ወገን ነው። ወሳጁ አንድ ግዙፍ ባለርስት ያወረደ ይመስለዋል፤ የተወሰደበትም ገበሬው ከግብሩ በታች የነበረበትን ሸክም ይረሳዋል። በ1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ቃሉ ያን ያህል የገዘፈው ገበሬው በእርግጥ ሸክም ስለነበረበት ነው። ግብሩ «የታቦቱ ነው» ተብሎ ሲጠየቅ እምቢ ማለት ከባለርስት ጋር ሳይሆን ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ክርክር ይመስል ነበር። ይህም አድራሻ ማጥፋት ነው።

## ዘሄዶ ወዘተዐገሎ

ቢሆንም የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አንድ ብርታት አለው። በየገዳሙና በየአድባራቱ የመሬት ስጦታ የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ሰጪው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ዘመን፣ የትኛው ቦታ፣ እነማን እያዩ የሚለው ከተጻፈ በኋላ መዝጊያው ውግዘት ነው፦ «ዘሄዶ ወዘተዐገሎ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ለይኩን»። የቀማው፣ በግፍ የወሰደው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። መጽሐፉን በራሱ ለመጠበቅ የሚጻፈውም «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ይላል፤ የሰረቀው፣ የፋቀው።

ግሦቹን እዩአቸው። ሄደ በግእዝ በኃይል ቀማ ነው፤ በአማርኛችን ግን ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ማምራት ብቻ ነው። «መሬቱ ሄደ» ስንል የግእዙ ሄደ ቀማኛ፣ የአማርኛው ሄደ ግን የገዛ እግሩ ያለው መሬት ነው። ደግሞም «ዘ» የምትለዋ አንዲት ፊደል ሰውን ትይዛለች፤ እርሱ፣ ያ የቀማው። ፋቂውም ተቆጥሯል። ንብረት ሲወሰድ ቃሉም እንደሚፋቅ ጸሐፊዎቹ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

## «የሚለቀቅበት»

በ2011 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161 ርእስ ያነበበ ሰው «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበት» የሚለውን ያገኛል። ይዞታው ይለቀቃል፤ ማን እንደሚያስለቅቅ ርእሱ አይናገርም። ሰዎቹ «ተነሺዎች» ናቸው፤ ተነሥተው የሚሄዱ። ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ጀምሮ ያለው ግሥ ይኸው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ስለሆነ ደብሩ የሚናገረው ስለ ንብረት ሳይሆን ስለ «ይዞታ» ነው። ስለዚህ ዛሬ ደብርን የሚጠብቀው ካርታው ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ የሌለው አጥር ግቢ ስሙ ባዶ ቦታ ነው።

የቃሉ ልዩነት በተግባር የሚጎዳው ንብረት ሲጠየቅ ነው። በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 በር የከፈተው ከአዋጅ ውጭ ለተወሰደ ንብረት ነው። በአዋጅ 47 መሠረት የተወሰደ ከሆነ በሩ ዝግ ነው። እንግዲህ አንድ ደብር በማመልከቻው «በ1967 የተወረሰብን ቤት ይመለስልን» ብሎ ከጻፈ፣ በገዛ እጁ ቤቱ በአዋጁ ሥር የገባ መሆኑን መስክሯል። ቤቱ ያኔ ካልተከራየ፣ የካህናት ማደሪያ ወይም የአብነት ትምህርት ቤት ከነበረ፣ መጻፍ ያለበት ይኸው ነው፤ ለምን ያገለግል እንደነበር፣ በምን ደብዳቤ እንደ ተወሰደ፣ ደብዳቤ ከሌለም አለመኖሩ። «ተወረሰ» የሚለው የአፍ ልማድ አንድ ሙሉ ክርክር ያስቀራል።

ሌላው አደገኛ ቃል «ርክክብ» ነው። በቅጹ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አስረካቢና ተረካቢ። የተወሰደበት ሰው አስረካቢ ሆኖ ይፈርማል። በእንግሊዝ በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1536 እስከ 1540 ገዳማቱ ሲዘጉ የተፈረሙት ሰነዶችም መነኮሳቱ በአንድ ድምፅ፣ በገዛ ፈቃዳቸው እንዳስረከቡ ይናገራሉ። ያላስረከቡት የግላስተንበሪ አበምኔት ሪቻርድ ዋይቲንግ በኖቬምበር 1539 ከገዳማቸው በላይ ባለው ኮረብታ ተሰቀሉ። «በገዛ ፈቃድ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን የሚታወቀው ከዚያ ኮረብታ ሲታይ ነው።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ የሆነ ሰው ይህን ካነበበ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ግሡን ወደ አድራጊ ይመልሰው። «ቦታው ተለቀቀ» አይበል። ቀኑን፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን፣ የቦታውን ስፋት በካሬ ሜትር፣ በአራቱም ማዕዘን ያሉትን አዋሳኞች፣ ቤቱ ያን ቀን ለምን ያገለግል እንደነበረ፣ የተከፈለውን ካሣና የደረሰኙን ቁጥር፣ ካልተከፈለም አለመከፈሉን ይጻፍ፤ መጨረሻው ላይም «ወሰደ» ይበል። የርክክብ ቅጽ ከቀረበለት «አስረካቢ» ከሚለው መስመር አጠገብ «በተቃውሞ» ብሎ ሰዓቱን ጨምሮ ይፈርም። አንዱ ቅጂ በደብሩ ዕቃ ቤት፣ ሌላው በሀገረ ስብከቱ መዝገብ ቤት ይቀመጥ። በቀለም ይጻፍ፤ በእርሳስ የተጻፈ ይፋቃል።